ከቦቴው መስኮት የታየች በረኛ

የውሃ ቦቴ መደበቅ የሚችል መኪና አይደለም። ይህን ከጋሽ ዋል በቀር የጋምቤላ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለፈው መጋቢትና ሚያዝያ የኮሌጃችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን በሚለማመድባቸው ቀናት ሁሉ፣ ጋሽ ዋል ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውሃ አራግፈው ሲመለሱ፣ ያንን ግዙፍ ነጭ ቦቴ ከሜዳው ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ያቆሙታል፤ ሞተሩን ያጠፋሉ፤ መስኮቱንም እስከ ላይ ይዘጋሉ። በዚያ ሙቀት መስኮት መዝጋት ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። መስኮቱ ከተከፈተ ሰውየው ልምምዱን እያዩ ነው ማለት ነው። ከተዘጋ ግን የቆመው መኪናው ብቻ ነው።

ችግሩ፣ የሰፈሩ እናቶች ቦቴ ቆሞ ባዩ ቁጥር ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ይዘው ከኋላው መሰለፋቸው ነበር።

«ጋሽ ዋል፣ ቧንቧውን ክፈቱልን እንጂ!»

«ባዶ ነው! ባዶ!» ይላሉ ጋሽ ዋል ከመስታወቱ ውስጥ፣ ረጅም እጃቸውን እያወዛወዙ።

«ባዶ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል?»

ጋሽ ዋል ፊታቸውን ያዞራሉ። ወደ ሜዳው እንዳያዩ እየተጠነቀቁ ወደ ሜዳው ያያሉ።

ስለ እኚህ ሰው ልጽፍ የተነሣሁት የኮሌጃችን የቋንቋ ክበብ «የአካባቢያችንን አንድ ተራ ሰው ሕይወት ጻፉ» ብሎ ስላዘዘን ነው። ጋሽ ዋል ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ከእርሳቸው ቤት የሚለየን አንድ አጥር ነው። ይሁን እንጂ ብዕሬን ባነሣሁ ቁጥር አንድ ጥርጣሬ ያዘኝ። እኔ ኳስ በእጄም በእግሬም ይዤ የማላውቅ፣ ጊዜዬን በቤተ መጻሕፍት የማሳልፍ ሰው ነኝ። እንደ ጋሽ ዋል ስላለ የድሮ በረኛ ልጽፍ ምን ሥልጣን አለኝ? በኋላ እንደተረዳሁት፣ ጋሽ ዋልን እንቅልፍ የነሳቸውም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ጥያቄ ነበር።

ወደ ቦቴው ውስጥ የገባሁት በእርሳቸው ትእዛዝ ነው። አንድ ቀን ከዛፉ አጠገብ ቆሜ ሳመነታ መስኮቱ በጣት ስፋት ወረደ።

«አዶኒያስ! ግባ። እዚያ ቆመህ ታስነቃብኛለህ።»

ቦቴው ሳያስነቃ እኔ አስነቅቼ ኖሯል። ገባሁ።

ጋሽ ዋል የተወለዱት ማታር አቅራቢያ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ነው። በቤታችን በር ሲገቡ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ ይላሉ። በወጣትነታቸው በመጀመሪያ ለወረዳው፣ በኋላም ለከተማው ቡድን ለብዙ ዓመታት በረኛ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ተጣምማ ቀርታለች። በየትኛው ጨዋታ እንደተሰበረች፣ የመታትም አጥቂ በየትኛው እግሩ እንደመታ ይተርካሉ፤ ሲጨርሱም ሳይጠየቁ «ኳሷ ግን አልገባችም» ይላሉ። ጉልበታቸው በከዳቸው ጊዜ ሹፌር ሆኑ። የከዳቻቸው ኳስ ናት እንጂ እርሳቸው ኳስን አልከዷትም።

እህታቸው ልጇን ኛባንግን ከማታር ለትምህርት በላከችላቸው ጊዜ፣ ጋሽ ዋል ስለ ትምህርቷ አልጠየቁም። «እጅሽን ዘርጊ» አሏት። ዘረጋች።

«አጭር ነው» አሉ አዝነው። «ቢሆንም እንሞክራለን።»

በበጋ ባሮ ጎድሎ አሸዋው ሲወጣ፣ ሁለት እንጨት ይተክሉና ልጅቷን በመካከሉ ያቆሟታል። ትምህርታቸው በሦስት ቃል ያልቅ ነበር፦ «ቁሚ፣ ጠብቂ፣ ተዘርጊ!» በረኛ መስመሩ ላይ ቆሞ ኳሱን ይጠብቃል፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት በሙሉ ቁመቱ ይዘረጋል። ይህ ዘዴ ለጋሽ ዋል ሠርቷል፤ የእርሳቸው ክንድ ከቋሚ እስከ ቋሚ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ኛባንግ ግን በአባቷ ወጥታ መካከለኛ ቁመት እንኳ አልሞላላትም። ከፍ ብሎ የመጣው ኳስ ሁሉ ከጣቶቿ በላይ ያልፍ ነበር። አጎቷ «ነገ ትደርሺበታለሽ» ይሏታል፤ ቁመት በልምምድ የሚገኝ ይመስል።

እንዲህ እያሉ ሳለ፣ በሰኔ በከተማችን ለሚደረገው የኮሌጆች ውድድር፣ ኛባንግ በረኛ የሆነችበት ቡድናችን የበረኞች አሰልጣኝ እንዲመደብለት ተወሰነ። ጋሽ ዋል ይህን በሰሙ ማግስት ጢማቸውን ተላጭተው፣ የድሮ አረንጓዴ ማሊያቸውን ከሸሚዛቸው ሥር ለብሰው የስፖርት ክፍል ኃላፊው አቶ ተክሌ ዘንድ ሄዱ። የዚያን ዕለት የተባባሉትን ከሁለቱም ሰምቻለሁ። ትረካቸው የሚለያየው ድምፁን ከፍ ያደረገው ማን እንደነበር በሚናገሩበት ላይ ብቻ ነው።

«ጋሽ ዋል፣ ዘገዩ እኮ። ቦታው ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«መምህርት እታገኝ።»

«የመረብ ኳስ ተጫዋቿ እታገኝ?»

«እርሳቸው።»

«በረኛ ነበረች?»

«አልነበሩም። ስፖርት ሳይንስ ግን ተምረዋል።»

«ተክሌ፣ እኔ ዋና ባልችል፣ ልጅህን ባሮ ውስጥ ላስተምርልህ ብልህ ትሰጠኛለህ?»

አቶ ተክሌ ትንሽ አሰቡ። «ጋሽ ዋል፣ ባለቤቴን ያዋለዳት ወንድ ነው። አምጦ ያውቃል?»

«አዋላጁ ሲሳሳት የሚያመው እርሱን አይደለም» አሉ ጋሽ ዋል። «እኔን ግን አሞኛል። ይህችን ጣት እያት።»

አቶ ተክሌ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ናቸውና በመጨረሻ አንድ መላ ፈጠሩ። በግንቦት ከኢታንግ ከሚመጣው ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አለ። ኛባንግ በዚያ ጨዋታ መሻሻል ካላሳየች ቦታው ለጋሽ ዋል ይሰጣል፤ ካሳየች ግን መምህርት እታገኝ ይቀጥላሉ። ጋሽ ዋል በደስታ ተስማምተው ወጡ። ምን እንደተስማሙ የገባቸው ቤታቸው ደርሰው፣ ኛባንግ ጫማቸውን ስታቀብላቸው ነው። ቦታውን እንዲያገኙ ልጃቸው መውደቅ ነበረባት።

መስኮቱ የተዘጋው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

በቦቴው ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ያየሁት ቅናት፣ በመጻሕፍት ካነበብኩት ቅናት የተለየ ነበር። በመጻሕፍት ውስጥ የቀና ሰው ያሴራል፣ ይዶልታል። ጋሽ ዋል ግን መሪውን በሁለት እጅ ጨብጠው፣ መምህርት እታገኝ ኛባንግን ትከሻዋን ይዘው ባዞሯት ቁጥር፣ የራሳቸውን ትከሻ የነኩባቸው ያህል ይሸማቀቃሉ። «እንደዚያ አይያዝም» ይላሉ። መምህርቷ ሲያጨበጭቡላት «ለምን ታጨበጭባለች? ገና ምን ሠራች?» ይላሉ። ኛባንግ ስትስቅ ግን ላባቸውን ይጠርጋሉ።

አንድ ቀን መምህርት እታገኝ ኳሱን ወደ ጎን ትተው አንዲት ተጫዋች ማንጎው ላይ አወጡ። ልጅቷ ከላይ የበሰለ ማንጎ እየቀጠፈች ስትወረውር ኛባንግ ከታች እንድትቀልብ ነበር።

«ኳስ ጠፍቶ ነው?» አሉ ጋሽ ዋል። «ወይስ ጭማቂ ቤት ሊከፍቱ ነው?»

ስለ ጉዳዩ የማውቀውን መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ምነው ዝም ባልኩ። መምህርት እታገኝ የተወለዱት፣ በሰባዎቹ ዓመታት ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች በመሠረቱት መንደር ነው። በልጅነታቸው ወንድማቸው ማንጎ ላይ ወጥቶ ሲወረውር ከታች የሚቀልቡት እርሳቸው ነበሩ። የተመታ ማንጎ በማግስቱ ይጠቁራል፤ ገበያም አይወጣም። ስለዚህ እጅ ፍሬውን ሄዶ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለውም በኋላ አብሮት ወደ ደረት ይመለሳል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው።

ጋሽ ዋል ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ከማን ወገን ነህ?»

የዚያን ዕለት ማምሻውን ከአጥሩ ማዶ የባለቤታቸው ሳቅ ተሰማ። አሻግሬ ስመለከት ጋሽ ዋል በግቢያቸው መካከል ቆመዋል፤ ነጩ ሸሚዛቸው ከአንገት እስከ ሆድ ቢጫ ሆኗል። ባለቤታቸው በእጃቸው ሌላ ማንጎ ይዘዋል።

«ልወርውር ወይስ ይበቃሃል?»

«ኳስ የያዘ እጅ ማንጎ ለመያዝ አልተፈጠረም።»

«ይሁን። ሸሚዙን ማን ያጥበዋል? አሰልጣኟ?»

ቤታቸው ውስጥም ሰላም አልነበረም። ኛባንግ ራት ላይ በሦስተኛው ጉርሻ «መምህርት እታገኝ» ማለት ትጀምራለች። መምህርት እታገኝ እንዲህ አለች፤ መምህርት እታገኝ እንዲያ አሳየችኝ። አንድ ምሽት አባቴና እኔ ተጋብዘን ዓሣ ስንበላ በጆሮዬ የሰማሁት ይህን ነው፦

«አጎቴ፣ መምህርት እታገኝ፣ አጭር በረኛ መጠበቅ የለበትም፤ ወደ ኳሱ መሄድ አለበት አለች።»

«አጭር አለችሽ?»

«አንተም ብለኸኛል።»

«እኔ አጎትሽ ነኝ! ለእኔ ይፈቀዳል።» ዓሣውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

እኔም በበኩሌ ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። ስለ ስፖርት ሥልጠና የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። አንዱ ምዕራፍ፣ በቦታው ያልተጫወተ ሰው የቦታውን ምሥጢር አያውቅም ይላል። የሚቀጥለው ደግሞ፣ በቦታው የተጫወተ ሰው ከራሱ ሰውነት ውጭ ማየት ይቸግረዋል ይላል። ሁለቱ ምዕራፎች ተገናኝተው የሚያውቁ አይመስሉም። መጽሐፉን መልሼ ስወጣ የተሰማኝን ብናገር ያሳፍረኛል፤ በጋሽ ዋል ቀናሁ። ሰው የሚቀናው የእኔ ነው ብሎ ለሚያምነው ነገር ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ወስዶብኝ እንዲህ መስኮት ዘግቼ የምቆዝምለት ነገር አልነበረኝም።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ጋሽ ዋል ከኛባንግ መረብ በስተጀርባ ቆሙ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። የኢታንግ ቡድን አጥቂዎች ረጃጅሞች ነበሩ። የመጀመሪያው የማዕዘን ምት ሲመታ ጋሽ ዋል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኳሱ ከፍ ብሎ መጣ፤ ባለፈው ዓመት ቢሆን ከጣቶቿ በላይ አልፎ የሚገባ ኳስ ነበር። ኛባንግ ግን መስመሯን ለቅቃ ሮጠች፤ በሰው መካከል ዘለለች፤ ኳሱን እንደ በሰለ ፍሬ ተቀብላ ወደ ደረቷ አስገባችው። ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ።

«ዕድል ነው» አሉ ጋሽ ዋል፣ ጭብጨባውን ሰምተው ዓይናቸውን ሲገልጡ።

ሁለተኛውንም ያዘች።

«ነፋሱ ረዳት።»

የሣር ጫፍ እንኳ አይነቃነቅም ነበር።  ሦስተኛውን ስትይዝ ወደ ጋሽ ዋል ዞርኩ። ፊታቸው ላይ ኩራትና ሕመም ተቀላቅለው አየሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት አልቻልኩም።

ከእረፍት በኋላ አንዲት ደካማ ኳስ እየተንከባለለች መጣች። ሕፃን የሚይዛት ኳስ ነበረች። ኛባንግ አስቀድማ ለማን እንደምታቀብል ስታማትር፣ ኳሷ በእግሮቿ መካከል ሾልካ ገባች።

አንድ ጎረምሳ ጮኸ፦ «ማንጎ ብትሆን ይዛት ነበር!»

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዋልም ሳቁ። ጥርሳቸውን አይቻለሁ። በዚያች ቅጽበት ቦታው የእርሳቸው ሆኖ ነበር፤ አቶ ተክሌም ከማዶ ወደ እኛ ሲመለከቱ አየሁ።

መምህርት እታገኝ ከመስመሩ ዳር ይጮኻሉ። «ጉልበትሽን ግጠሚ! ኛባንግ፣ ጉልበትሽን!» ያሉት ትክክል ነበር። ልጅቷ ግን አልሰማችም። ጀርባዋን ለመረቡ ሰጥታ፣ እጆቿ ተንጠልጥለው፣ ማንንም ሳታይ ቆማለች። አንዲት ተከላካይ ኳሷን ልታወጣላት ወደ መረቡ ገባች።

የጋሽ ዋል ሳቅ እዚያ ላይ ቆመ። መረቡን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ በኑዌርኛ ተናገሩ። ኑዌርኛ እሰማለሁ፤ ለመናገር ግን እፈራለሁ። ያሉት ይህ ነበር፦

«አንቺ፣ ተዪው፤ እንዳትነኪው። ኛባንግ፣ ኳሱን ራስሽ አውጪው። ሌላ ሰው ካወጣልሽ እዚያው ውስጥ ይቀራል።»

ኛባንግ ዞረች። መረቡ ውስጥ ገባች፤ ኳሷን አነሣች፤ አንድ ጊዜ መሬት ላይ አነጠረቻትና ወደ መካከል ሜዳ ወረወረቻት። ስትመለስ እጆቿ አልተንጠለጠሉም። ከዚያ በኋላ ምንም አልገባባትም። የእኛ ልጆች አንድ ግብ አስቆጥረው እኩል ሆኑ፤ በመጨረሻው ደቂቃም ረጅሟ የኢታንግ አጥቂ ብቻዋን ስትመጣ፣ ኛባንግ ሄዳ ከእግሯ ሥር ነጠቀቻት።

ፊሽካው ሲነፋ አቶ ተክሌ ወደ እኛ መጡ። «እንግዲህ፣ ጋሽ ዋል…»

«አይቻለሁ» አሉ ጋሽ ዋል።

ኛባንግ እየሮጠች መጥታ ነበር፤ ወደ እኛ ግን አልነበረም። መምህርት እታገኝን አንገታቸውን አቅፋ አነሣቻቸው። ጋሽ ዋል የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁ ይመስል ተመለከቱት።

«ዝም ቢሉ ኖሮ ቦታው የእርስዎ ነበር» አልኳቸው በፍርሃት።

«ዝም ልል ነበር» አሉ። «አፌ ነው።»

በቀጣዩ የልምምድ ቀን ቦቴው ከማንጎው ሥር ቆሞ አገኘሁት። መስኮቱ ተዘግቷል። እንደገባሁ መምህርት እታገኝ መጥተው መስታወቱን አንኳኩ። ጋሽ ዋል በስንዝር ያህል አወረዱት።

«ጋሽ ዋል፣ ያን ዕለት ልጅቷን ምን አሏት? ስጠይቃት ‹አጎቴን ጠይቂ› ብላኛለች።»

«ሰላም አልኳት።»

«በሰላምታ ነው እንደዚያ የተነሣችው?»

«የኑዌር ሰላምታ ኃይለኛ ነው።»

መምህርት እታገኝ አልሳቁም። «እባክዎ ይንገሩኝ። ያን ጊዜ የምላት ጠፍቶኝ ነበር። ስለ ጉልበት የጮህኩት ሌላ ስለማላውቅ ነው።»

ጋሽ ዋል በተጣመመችው ጣታቸው መሪውን መቱት። «ይህ በመስኮት አይሰጥም። በረኛ ስትሆኚ ትደርሺበታለሽ» ብለው መስታወቱን ዘጉ። ከዚያም ወደ እኔ ሳይዞሩ «ያቺን አንዷን አልሰጣትም» አሉ። «ሌላውን ሁሉ ወስዳለች።»

መምህርት እታገኝ ጥቂት ቆመው አሰቡ። ወደ ሜዳው ተመለሱ፤ የኛባንግን ጓንት ተቀብለው አጠለቁ፤ መረቡ ፊት ቆሙ። ልጆቹ መምህራቸውን በኳስ የመምታት ፈቃድ በማግኘታቸው በደስታ ጮኹ። እርሳቸውም እንደ ኛባንግ አጭር መሆናቸውን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ኳስ ያዙ። ሁለተኛው በጎናቸው አልፎ ገባ። መምህርት እታገኝ እጆቻቸው ተንጠልጥለው፣ ጀርባቸውን ለመረቡ ሰጥተው ቆሙ። ልጆቹም በአገራችን ልማድ ለመምህር ዕቃ ማቀበል ግዴታ ነውና፣ ኳሱን ሊያወጡላቸው ተሽቀዳድመው ሮጡ።

«ምን አገባኝ» አሉ ጋሽ ዋል።

እጃቸው ግን የመስኮቱን መክፈቻ ይዞ ነበር። መጀመሪያ ሩብ ዞረ፤ ቆመ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ዞረ። ራሳቸውን ከነትከሻቸው በመስኮቱ አወጡ።

«ተዉት! ማንም እንዳይነካው!» ይህን ጊዜ በአማርኛ ነበር፤ በሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «እታገኝ! ኳሱን ራስሽ አውጪው! ሌላ ሰው ካወጣው እዚያው ይቀራል!»

ሜዳው ሁሉ ወደ ቦቴው ዞረ። ኛባንግ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። መምህርት እታገኝ ጋሽ ዋልን ትክ ብለው አዩአቸው፤ ከዚያም ወደ መረቡ ገብተው ኳሱን በገዛ እጃቸው አወጡ።

ከቦቴው ኋላ ከተሰለፉት እናቶች አንዷ ጀሪካናቸውን አንኳኩ። «መስኮቱ ከተከፈተ አይቀር ቧንቧውንም ክፈቱልን እንጂ!»

ጋሽ ዋል አልሰሟቸውም። ሦስተኛው ኳስ እየመጣ ነበር።

«ቁሚ! ጠብቂ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያውም በሩን በመዳፋቸው መቱት። «አይ፣ ሂጂ! ወደ ኳሱ ሂጂ!»